ታሪክን ሊስትሮ አናስጠርግ!

ዛሬ ስለ ሽጉጥ ነው የምናወራው። አትደንግጡ! የምንተኩሰው የለም። የተተኮሰብን ግን አለ፤ ነገራችንም ከእሱ ጋር ነው።

እናላችሁ፣ ባለፈው የሚያዝያ 27 ሰሞን ማኪያቷችንን ይዘን እንደልማዳችን አገር ስናቀና፣ አንድ ጓደኛችን ስልኩን አውጥቶ ሁለት ፎቶ አሳየን። የመጀመሪያው ቆየት ያለ ነው። ነጭ ጋቢ ላይ የተጋደመ ጠቆር ያለ ሽጉጥ፣ ጥግ ጥጉ በእጅ ብዛት የነጣ፣ ጎኑ ላይ ጽሑፍ ያለበት። ሁለተኛው የዘንድሮ ነው። ያው ሽጉጥ፣ ግን እንደ ሰርግ ቤት ማንኪያ የሚያብለጨልጭ! ጽሑፍ የለ፣ ጭረት የለ፣ ጥግ የለ። የተሟሟ ሳሙና ይመስላል።

"አጎቴ አሳደሰው" አለን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

ሽጉጡ የአያቱ ነበር። አያቱ አርበኛ ናቸው። "ከጣሊያን መኮንን ላይ የማረኩት ነው" እየተባለ ሦስት ትውልድ ሲያወራው የኖረ ዕቃ ነው። አያትየው ሲያርፉ ፈቃዱ ወደ ትልቁ ልጃቸው፣ ማለትም ወደ ጓደኛችን አጎት ዞረ። አጎትየው ደግሞ ክፉ ሰው አይደሉም። እንዲያውም ከቤተሰቡ ሁሉ ለአባታቸው ታሪክ የሚቆረቆሩት እሳቸው ናቸው። "ለበዓሉ አምሮበት ይታይ" ብለው የመኪና ፓራውልት ኒኬልና ክሮም ለሚነክር ባለሙያ ሰጡት። ባለሙያውም እንደ ፓራውልት ሠራላቸው። ምን ያድርግ? የሚያውቀው ፓራውልት ነው።

እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዝነን ዝም እንል ነበር። ነገሩ ግን ገና አላለቀም። ጓደኛችን ሊያስመልሰው ነው! በሌዘር የሚቀርጽ ሰው አግኝቷል። የብር መሳዩ ልባጥ ይገፈፋል፣ ብረቱ በድጋሚ ይለሰልሳል፣ እንደገና ይጠቁራል፣ የጠፋው ጽሑፍ ደግሞ ከሌላ ሽጉጥ ፎቶ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል። ቀብድ ሁሉ ከፍሏል። "ልክ እንደ ድሮው ይሆናል" አለን፣ ፊቱ እየበራ።

አይሆንም። ይሄንን ለጓደኛችን ፊት ለፊት ነግረነዋል፤ አልሰማንም። ስለዚህ አሁን ለእናንተ እንናገራለን። አቋማችን አጭር ነው፦ አጎትየው ያጠፉት ሳያውቁ ነው። ጓደኛችን ሊያደርግ ያሰበው ግን ከጥፋት ይብሳል፤ ውሸት ነውና። የጠፋን ታሪክ "ጠፍቷል" ብሎ መያዝ ያሳፍር ይሆናል። በጠፋው ቦታ ሐሰተኛ መትከል ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ ሽጉጡ ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር እናንብበው።

ሽጉጡ ቤሬታ ነው፤ የ1934 ሞዴል። በሰሜን ጣሊያን ብሬሻ አጠገብ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ በምትባል ከተማ የተሠራ። ድርጅቱ ታሪኩን የሚቆጥረው ከ1526 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት የጠመንጃ አፈሙዝ ከሸጠበት ጊዜ አንስቶ ነው። ሽጉጡ ትንሽ ነው። ካዝናው ሰባት ጥይት ይይዛል፤ ጥይቱ "ዘጠኝ ኮርቶ"፣ አጭሩ ዘጠኝ ሚሊሜትር የሚባለው ነው። የጣሊያን መኮንኖች ወገባቸው ላይ አንጠልጥለውት የዞሩት ይሄንን ነው።

በድሮው ፎቶ ላይ የላይኛውን ክፍል ግራ ጎን ስናጎላው የሠሪው ስም፣ የጥይቱ ዓይነት፣ ሞዴሉ፣ የከተማዋ ስም፣ በመጨረሻም 1937 የሚል ቁጥር ይነበባል። ከ1937 አጠገብ ደግሞ በሮማውያን አኃዝ 15 የሚል አለ። ይሄ 15 ምንድን ነው? ጓደኛችን ራሱ አያውቅም ነበር። "የፋብሪካ ኮድ መስሎኝ" አለ።

ኮድ አይደለም ወንድማችን። የፋሺስት ዘመን አቆጣጠር ነው! ሙሶሎኒ ጥቁር ሸሚዞቹን ይዞ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ "ዘመነ ፋሺስት" ተብሎ ይቆጠር ነበር። እኛ ከልደተ ክርስቶስ ስንቆጥር እነሱ ከሙሶሎኒ ቆጠሩ። አሥራ አምስተኛው ዓመት ደግሞ ከጥቅምት 1936 መገባደጃ እስከ ጥቅምት 1937 እ.ኤ.አ. ያለው ነው። በእኛ አቆጣጠር በአብዛኛው 1929 ዓ.ም. ማለት ነው። የካቲት 12 የዋለችው በዚያ ዓመት ውስጥ ነው። ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበት፣ ከዚያም አዲስ አበባ በደም የታጠበችበት ዓመት፣ በሮማውያን አኃዝ፣ በዚያች ሽጉጥ ጎን ላይ ተመትቶ ነበር።

ገና አላበቃም። ከእጀታው በላይ፣ ከአካሉ ኋላ በኩል፣ ትንሽዬ ዘውድ አለች፤ ከሥሯ ሁለት የላቲን ፊደላት። "ሬጆ ኤዜርቺቶ" ለሚለው አጭር መጠሪያ ናቸው፤ የንጉሡ ጦር ሠራዊት ማለት ነው። የትኛው ንጉሥ? ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሦስተኛ! በግንቦት 1928 ዓ.ም. "የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" ተብሎ የታወጀለት ሰውዬ። እንግዲህ አስቡት። "ንጉሠ ነገሥታችሁ ነኝ" ባለው ሰው ዘውድ የታተመችን ሽጉጥ አንድ የኢትዮጵያ ገበሬ ቀምቶ ወገቡ ላይ ሻጣት። ከዚህ የበለጠ ምን ሐውልት ትፈልጋላችሁ?

ሦስተኛው ምልክት ግን ከጣሊያን የመጣ አይደለም። ከቀስቅሴው መከለያ በላይ፣ በምስማር ይሁን በካራ ጫፍ፣ ሦስት አጫጭር ጭረቶች ነበሩ። ጎን ለጎን የተሰመሩ። አያትየው ራሳቸው ናቸው የጫሩት። ሦስት ውጊያ ይሁን፣ ሦስት የወደቀ ጓደኛ ይሁን፣ ሦስት የወደቀ ጠላት ይሁን፣ ወይም ሦስት ልጆቻቸው ይሁኑ፣ የሚያውቁት ሴት አያቱ ነበሩ። ጓደኛችን "አንድ ቀን እጠይቃቸዋለሁ" ሲል ሲል፣ አያቱ ቀደሙት። የቀረው ጭረቱ ብቻ ነበር። አሁን እሱም የለም።

ይኸው ነው የተፋቀው። የጠላት ፊርማ፣ የዓመቱ ስም፣ የአያት የእጅ ጽሕፈት። በአንድ ከሰዓት በኋላ!

ይሄንን ስንል "እንዴ! የፋሺስት ጽሑፍ ቢጠፋ ምናችሁ ነው? እንኳን ጠፋ!" የሚል አልጠፋም። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተብሏል። ለዚህ ወገናችን ያለን መልስ ይሄ ነው፦ የፋሺስቱን ማኅተም ከሽጉጡ ላይ ስታጠፋ የምታጠፋው ፋሺስቱን አይደለም፤ የማረከውን ሰው ነው። ማኅተሙ ካለ፣ ይሄ ሽጉጥ ከንጉሡ ጦር የተነጠቀ ምርኮ ነው። ማኅተሙ ከሌለ፣ ከገበያ የተገዛ ተራ ሽጉጥ ነው። አያትህ አርበኛ ሳይሆኑ ሸማች ሆኑ ማለት ነው። ምስክሩን ገድለህ ክሱን ማሸነፍ አትችልም።

አሁን ወደ ጥፋቱ አሠራር እንግባ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስለሚሳሳት። ሁሉም ሰው ጥፋቱ ልባጡ ይመስለዋል። አይደለም። ልባጥ ሲፈልጉ በኬሚካል ሊገፈፍ ይችላል። ጥፋቱ ከልባጡ በፊት ያለው ሥራ ነው። ልባጥ የሚያምረው በለሰለሰ ብረት ላይ ስለሆነ፣ ባለሙያው መጀመሪያ በሞረድ፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በሚሽከረከር የማለስለሻ ጎማ ብረቱን ይልጠዋል። የታተመ ፊደል ጥልቀት ከሚሊሜትር ያነሰ ነው። የአያት ጭረትማ ከዚያም ያንሳል። ጎማው ደግሞ ፊደል አያውቅም! ዝገቱንም፣ ዘውዱንም፣ ዓመቱንም እኩል ይበላል።

በመጥፎ ሁኔታ የታደሰ አሮጌ ሽጉጥ የትም አገር ቢሆን መልኩ አንድ ነው። ስለት የነበረው ጠርዝ ይድቦለቦላል። ሜዳ የነበረው ጎን ብርሃን ሲመታው እንደ ውሃ ይሞገዳል። የብሎን ቀዳዳ ዙሪያው እንደ ስኒ ማስቀመጫ ይጎደጉዳል። ፊደል ካልጠፋ ይደበዝዛል። ጀርመን ሠራሹን ሉገር የሚሰበስቡ ሰዎች ደግሞ ሌላ መለያ አላቸው። እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ገደማ ድረስ የሉገር ትንንሽ ክፍሎች፣ እንደ ቀስቅሴው ያሉት፣ በሙቀት የመጣ የገለባ ቢጫ ቀለም ነበራቸው፤ ቀሪው አካል ጥቁር ሰማያዊ ነበር። የማያውቅ አዳሽ ሁሉንም አንድ ላይ ነክሮ ያጠቁረዋል። ሰብሳቢው ገና ከሩቅ አይቶ ፊቱን ያዞራል። ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ይሄ የሀብታም ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። ሰውዬው የሚከፍለው ለብረት አይደለም፤ ላልተነካ ነገር ነው። ብረትማ ምናለሽ ተራም ሞልቷል።

እሺ፣ ጠፋ። አሁንስ ምን ይደረግ? ጓደኛችን እዚህ ላይ ነው የሚሞግተን። "ከዚህ በላይ የሚበላሽ ነገር የለውማ! ሞቷል፣ ብንገንዘው ምን አለበት?" ይላል። ጥሩ ክርክር ይመስላል። ሁለት ስህተት ግን አለው።

አንደኛው ስህተት፣ አልሞተም! ብረት ያስታውሳል። ይሄ ግጥም አይደለም፣ ፊዚክስ ነው። ፊደል በማኅተም ብረት ላይ ሲመታ የሚጎደጉደው ላዩ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ብረትም ይጨመቃል። ላዩ ተልጦ ፊደሉ ለዓይን ቢጠፋም፣ የተጨመቀው ክፍል ከሥር ሊቀር ይችላል። በዚህ ምክንያት ነው የወንጀል ምርመራ ቤተ ሙከራዎች ወንጀለኛ የፋቀውን የጦር መሣሪያ ቁጥር አንዳንዴ ማንበብ የሚችሉት። አሲድ ሲነካው የተጨመቀውና ያልተጨመቀው ብረት እኩል ስለማይበላ፣ የጠፋው ቁጥር እንደ ጥላ ብቅ ይላል። እንግዲህ ያ 1937፣ ያ 15፣ ያቺ ዘውድ፣ አሁን በዚህች ደቂቃ ከልባጡ ሥር ተኝተው ሊሆን ይችላል። ሁሌም ይገኛል ማለታችን አይደለም። ጥልቀቱን የበላው ጎማ ምን ያህል እንደሄደ ይወስነዋል። ግን ዕድል አለ። ጓደኛችን ለሁለተኛ ጊዜ አስልጦ ካለሰለሰው ግን ያቺ የቀረች ዕድልም አብራ ትላጣለች። አጎትየው ፊደሉን ገደሉ፤ ወንድማችን ደግሞ ጥላውን ሊገድል ነው።

ሁለተኛው ስህተት ይብሳል። መገነዝና ማስመሰል አንድ አይደሉም። አሮጌ ብረትን እንደገና ማጥቆር በራሱ ኃጢአት ነው አንልም። እንዲያውም ድሮ የነበረው አንዱ መንገድ እጅግ ቆንጆ ሥራ ነው። ብረቱ ሆን ተብሎ በስሱ እንዲዝግ ይደረጋል። ከዚያ በፈላ ውሃ ይቀቀላል። ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል። እንደገና ይዝጋል፣ እንደገና ይቀቀላል፣ ደጋግሞ፣ ቀናት እየወሰደ። ትዕግሥት ያለው ሰው ሥራ ነው። በትክክል ተሠርቶ "ይሄ በእገሌ ዓመተ ምሕረት እንደገና የጠቆረ ነው" ከተባለ፣ ማንም አልተዋሸም። ልብስ ቀየረ እንጂ ስም አልቀየረም።

ፊደል እንደገና መቅረጽ ግን ስም መቀየር ነው። በ1937 እ.ኤ.አ. ጋርዶኔ ውስጥ የታተመን ዘውድ ዘንድሮ አዲስ አበባ ውስጥ በሌዘር መሥራት በቄስ ፊት የተፈረመን የጋብቻ ወረቀት ጠፍቷል ብሎ ራስ ፈርሞ እንደማምጣት ነው። ጋብቻው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ግን ሐሰት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያውቅ ሰው አይቶ "ይሄ በማኅተም የተመታ አይደለም፣ የተቃጠለ ነው" ሲል (ያያል ደግሞ! የማኅተምና የሌዘር ጠርዝ ለለመደ ዓይን አንድ አይደለም) የሚጠረጠረው ፊደሉ ብቻ አይሆንም። ሙሉ ታሪኩ ነው። "ይሄ ቤተሰብ ምርኮ ነው የሚለው ነገርም ፈጠራ ነው" ይባላል። እውነት የነበረውን በውሸት አስደግፈን እንጥለዋለን ማለት ነው።

ሦስቱን ጭረቶችስ? እሱንም ሌዘሩ ይሥራው? ጓደኛችንን ጠየቅነው። ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ "ፎቶው ላይ ልኩ ይታያልኮ" አለን። ወንድማችን፣ አያትህ ጫካ ውስጥ፣ ምናልባት በእሳት ብርሃን፣ ምናልባት እጃቸው እየተንቀጠቀጠ የጫሩትን ነገር አንድ ማሽን በሁለት ሴኮንድ ሊጭረው ነው? ልኩ ይገኛል። እጁ ግን አይገኝም።

"ወታደሮቹ ራሳቸው ያድሱ የለ እንዴ?" የሚል የተማረ ተከራካሪም አጋጥሞናል። ልክ ነው፣ ያድሳሉ! የአሜሪካኖቹ ኮልት፣ ጦሩ በ1911 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ያ ታዋቂ ሽጉጥ፣ ከሁለት የዓለም ጦርነት በላይ አገልግሏል። በየመሀሉ ወደ ጦር ግምጃ ቤት እየተመለሰ ክፍሉ ይቀየርለት፣ አዲስ ግራጫማ ፎስፌት ልባስ ይለብስ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ግምጃ ቤቶቹ ሲያድሱ የራሳቸውን ምልክት መቱበት። የኦገስታ ግምጃ ቤት ያደሰው የኦገስታን ፊደል ይዟል። "እኔ ነኝ የነካሁት" ብሎ ፈርሟል። ስለዚህ ያ እድሳት ራሱ ታሪክ ሆነ፤ ዛሬ እሱን ገፍፎ "ወደ ጥንቱ እመልሳለሁ" የሚል ሰብሳቢም ጥፋተኛ ነው እንላለን። ልዩነቱ ማደስና አለማደስ አይደለም። ልዩነቱ መፈረምና መደበቅ ነው። ፓራውልት ነካሪው አልፈረመም። ሌዘረኛው ደግሞ በጋርዶኔ ስም ሊፈርም ነው!

ነገሩን ከአንድ ቤተሰብ አውጥተን እንየው፤ በሽታው የአንድ አጎት አይደለምና። እኛ አገር "አዲስ አስመሰለው" ሙገሳ ነው። የጥንት ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ የዘይት ቀለም ደርበን "ታደሰ" እንላለን። የአያት ጋሻ በቫርኒሽ እናብረቀርቃለን። የተሰነጠቀ ሰደፉ በጠፍር የተጠቀለለ ጠመንጃ ሲገኝ፣ ጠፍሩን ቆርጦ ጥሎ አዲስ እንጨት የሚያስገጥም አለ። ያ ጠፍርኮ "ይሄ ጠመንጃ ተሰብሮም ተዋግቷል" ማለት ነበር! ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን እያልን የፈረንጅ መሣሪያን በአፋችን ልክ ስም አውጥተን፣ በስሙ ፎክረን፣ በስሙ ቀረርቶ አውርደን የኖርን ሕዝብ፣ መሣሪያው ራሱ ሲገኝ በብርጭቆ ወረቀት እንቀበለዋለን።

እኛ በዚህ ስንጠመድ ሌላው ምን እያደረገ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ የጣሊያን ካርካኖና ቬተርሊ፣ የፈረንሳይ ግራ (የኛው ውጅግራ)፣ የይሁዳ አንበሳ የታተመባቸው ቤልጅየም ሠራሽ ማውዘሮች ሳይቀሩ፣ አሜሪካ ገበያ ላይ ለሰብሳቢ ተሽጠዋል። እዚያ ያሉ ጥንቁቅ ሰብሳቢዎች ምን ብለው እንደሚመካከሩ ብትሰሙ ታፍራላችሁ። "ቆሻሻውን በዘይት ጨርቅ ብቻ ጥረግ፣ እንጨቱን አትፋቅ፣ የአንበሳውን ማኅተም አትንካ።" የእኛን አንበሳ! እነሱ "አትንካ" ይላሉ፤ እኛ ፓራውልት ቤት እንወስዳለን። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ የሚለው ተረት እንዲህ ቃል በቃል ሲፈጸም ያየነው በዚህ ነው።

"እና እናንተ ምን ታደርጉ ነበር?" ለሚለን መልስ አለን። ተቺ ብቻ እንዳንባል እነሆ፦

አንደኛ፣ ምንም! አዎ፣ መጀመሪያ ምንም አታድርጉ። አሮጌ ዕቃን ከዝገት በላይ የሚገድለው የቸኮለ ፍቅር ነው። ዝገትን የሚያቆም ስስ ዘይት የነካው ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ከቆዳ አፎቱ አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብረት ያዝጋልና። አፎቱም ታሪክ ስለሆነ አትጣሉት፣ ጎን ለጎን ይቀመጡ።

ሁለተኛ፣ ፎቶ አንሱ። ግራ፣ ቀኝ፣ ላይ፣ ታች፣ እያንዳንዱን ፊደል። ጓደኛችን ያቺን አሮጌ ፎቶ ባያነሳ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርበትም ነገር አይኖርም ነበር።

ሦስተኛ፣ ጠይቁ። ዛሬ ማታ! ጭረቱ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ስልክ ደውሉለት። ብረት መቶ ዓመት ይጠብቃችኋል፤ አያት ግን አይጠብቁም።

አራተኛ፣ ሕጉን አትርሱ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚባል አለ፤ የአያት መታሰቢያም ቢሆን ሽጉጥ ሽጉጥ ነው። መለያ ቁጥሩ በጎማ የተበላ መሣሪያ ይዞ "የአያቴ ነው" ማለት በር ላይ ለቆመ ፖሊስ ምን እንደሚመስል ራሳችሁ ገምቱት። ቁጥሩን ራስ መልሶ መቅረጽ ደግሞ ምን እንደሚመስል ከገመታችሁ በኋላ አትቅረጹት። ፈቃድ ወደ ሰጠው አካል ሄዳችሁ የሆነውን እንደሆነ ተናገሩ።

አምስተኛ፣ ከተበላሸም፣ ጽፋችሁ አኑሩ። "ይህ ሽጉጥ በ1929 ዓ.ም. ገደማ ተሠራ፣ አያታችን ማረኩት፣ ሦስት ጭረት ጫሩበት፣ ልጃቸው ለአባታቸው ክብር ብለው አስለበጡት፣ ጽሑፉ በዚያ ጊዜ ጠፋ።" አንድ ወረቀት! እዩት እስቲ፣ ይሄ ራሱ ታሪክ አይደለም? እንዲያውም አጎትየው የሠሩት ስህተት በዚህ ወረቀት ላይ ሲጻፍ ውርደት መሆኑ ይቀራል። የአባቱን ነገር ከመውደዱ ብዛት ሊኩል ገብቶ ዓይን ያጠፋ ልጅ ታሪክ ይሆናል። ያቺ የምታብለጨልጭ ሽጉጥ እንዳለች ብትቀመጥ እውነተኛ ናት። አስቀያሚ፣ ግን እውነተኛ። በሌዘር ያጌጠችዋ ቆንጆ ትሆናለች፤ የማን እንደሆነች ግን አይታወቅም።

ይሄንን ለአጎትየው ለመንገር ባለፈው እሑድ ቤታቸው ድረስ ሄደን ነበር። ፈርተን ነው የሄድነው፤ ጋሼን "አጠፉ" ማለት ቀላል አይደለም። የድሮውን ፎቶ በትልቁ አሳትመን ይዘን ገባን። የ15ቱን ትርጉም ነገርናቸው። የካቲት 12ን ስንጠራ መነጽራቸውን አወለቁ። ብዙ ዝም አሉ።

"እኔኮ የጠላት ጽሑፍ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አሉን በመጨረሻ። "ሰውዬው 'ይጠፋል፣ ምንም አይደል?' ብሎ ጠይቆኝ ነበር። 'ይጥፋ' አልኩት።"

ምን እንላለን? ቡናችንን ጠጣን። ስንወጣ ፎቶውን እንድንተውላቸው ጠየቁን። ትተንላቸው ወጣን።

ጓደኛችን ግን እስካሁን አልቆረጠም። "ቀብዱ አይመለስም" ይላል። ትልቁ ክርክሩ አሁን ቀብዱ ሆኗል። እንግዲህ እዚህ ሰው ሁሉ እየሰማ ቃል እንገባለታለን፦ ቀብዱን እኛ አዋጥተን እንከፍላለን። የማኪያቶ ገንዘብ ነው፣ አንሞትም። አንተ ብቻ ያንን ሽጉጥ ሌዘረኛው ጋ እንዳታደርሰው። ሳጥኑ ውስጥ፣ ከፎቶውና ከወረቀቱ ጋር አስቀምጠው። ልጅህ "ይሄ ለምን ያብለጨልጫል?" ብሎ ሲጠይቅህ፣ የምትነግረው ነገር ይኖርሃል።

እናንተም ቤታችሁ ሄዳችሁ የአያታችሁን ሳጥን ክፈቱ። ክፈቱ ነው ያልነው፤ አትወልውሉት!

ቸር ያሰማን።